ስድስቱ ጥይት የት ያርፋል?

ጎጃም ውስጥ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሁሉ የጥይት ሊቅ ነው። ሻይ ቤት ያስተምራል፤ ጠላ ቤት ይከራከራል፤ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይተነትናል። «የማካሮቭ ጥይት ትንሽ ናት፣ ሰው አትጥልም» ይላል አንዱ። «ስታር ነው እንጂ! ስታር ከመታ መታ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ወገቡ ላይ ያለውን ቱርክ ሠራሽ ነካ አድርጎ «ይቺ ቀላል ናት፣ ልብስ ውስጥ አትታወቅም፤ ችግሯ ጥይቷ ነው» ይላል። ክርክሩ ያልቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ጋቢውን አስተካክሎ ይወጣል።

እኔ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ያ ሁሉ ወሬ ሲያልቅ ነው የእኔ ሥራ የሚጀምረው። ለዚህ ይመስለኛል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በታማሚ ራስጌም ሆነ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ የማይለቀኝ፦ «ሲስተር፣ መቼም አንቺ ታይዋለሽ፤ ለመያዝ የትኛው ጥይት ነው የሚሻለው?»

ጥያቄውን አልንቀውም። እንዲያውም ከልብ ተጠይቆ ከልብ ቢመለስ ኖሮ፣ ዛሬ በየወገቡ ከተሸጎጠው ሽጉጥ አብዛኛው ቤቱ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። የምከራከረው ይህንኑ ነው፦ ጥይቱን ያልፈተነ ሰው «ራሴን ለመጠበቅ ነው የያዝኩት» ማለት አይችልም፤ በትክክል የፈተነው ሰው ደግሞ ይዞት አይወጣም።

ፍርሃቱ እውነት ነው

መጀመሪያ የታጣቂውን ክርክር በደንብ ላስቀምጥለት፤ ባለቤቱ ከሚያስቀምጠው ባላነሰ።

ቡሬ ገበያ በቆሎና በርበሬ የሸጠ ነጋዴ ብሩን ይዞ ቤቱ መግባት አለበት። መንገዱ መኪና የሚያልፍበት ቀን አለ፣ የማያልፍበት ቀን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጦርነቱ ክልሉን ከያዘው በኋላ፣ እገታ የሚባል ሥራ በርክቷል። ሰው ይያዛል፣ ለቤተሰብ ይደወላል፣ ከብት ተሽጦና ዘመድ አዋጥቶ ይከፈላል። «ለፖሊስ ደውል» የሚለው ምክር የሚሠራው ስልኩ ሲሠራና ፖሊሱ ሲኖር ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ሰው ሞኝ አልነበረም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ካሜራ በተተከለበት አጥር ውስጥ ተቀምጦ «መሣሪያ አምላኪ፣ ኋላ ቀር ሕዝብ» እያለ ከሚጽፍ ሰው ጋር አንድ ወገን አይደለሁም። ፍርሃቱ እውነት ነው። ጥያቄዬ መድኃኒቱ ላይ ነው። ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው ሕመሙ እውነት ነው፤ ከሱቅ ገዝቶ የዋጠው ኪኒን ግን የእሱ ሕመም መድኃኒት ላይሆን ይችላል።

የፍርሃቱን ልክ አስቡት። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰማይ የመጣው ድብደባ ቢያንስ 26 ሰው መግደሉ ተዘግቧል። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነች ከተማ ናት። ለዚያ ቀን የሚሆን የሽጉጥ ጥይት የለም። ወደ እገታው እንምጣ ብትሉኝም፣ አጋች ብቻውን አይመጣም። ክላሽ ይዞ፣ ጠመዝማዛ መርጦ፣ ቀድሞ አይቶህ ነው የሚመጣው። አንተ ጋቢህን ገልጠህ፣ ሽጉጥህን መዘህ፣ ጥይት አጉርሰህ እስክታነጣጥር ድረስ እሱ ጣቱ ቃታው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሽጉጥህ የሚሰጠው ጥቅም አንድ ብቻ ነው፦ ለአጋቹ፣ ከብሩ ጋር ተጨማሪ ንብረት።

ታዲያ ሽጉጡ በእውነት የሚወጣው መቼ ነው? ቁስል ስናጥብ የምንሰማው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ድንበር ገፋህ። ውኃ መለስክብኝ። ጠላ ቤት ሰደብከኝ። እህቴን አየሃት። ለአጋች ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ ጎረቤት ላይ ይተኮሳል። ፍርሃቱ መንገድ ላይ ነበር፤ ጥይቱ ግን ሰፈር ውስጥ ቀረ።

ምንሽር ይታይ ነበር

«መሣሪያ የአባቶቻችን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ውጅግራ የምንለው «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይ ስም አፋችን ላይ አላምጠነው ነው፤ ምንሽርም የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ጥይት በአንድ ዘመን ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይቆጠርና ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በጣሊያን ጊዜም የጎጃም አርበኛ ጥይት ከጠላቱ እየማረከ ነው የተዋጋው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ ጫካውን የያዘው ሰው ዝናሩ ላይ ስንት ፍሬ እንደቀረው ያውቅ ነበር። የትኛው ለየትኛው ጠመንጃ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚከሽፍ ያውቅ ነበር። «ከሸፈ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለፖለቲካም ለትዳርም እንጠቀምበታለን፤ መሣሪያ ላይ ግን ትርጉሙ የሰው ነፍስ ነበር።

ነገር ግን ያ ጠመንጃ ይታይ ነበር። ትከሻ ላይ ነው። ሰውየው ገና ከሩቅ ሲመጣ «እገሌ ታጥቋል» ይባላል። አያቴ ሰው ቤት ሲገባ ምንሽሩን ምሰሶው ሥር ያቆመው ነበር፤ ባለቤቱም፣ እንግዳውም፣ ልጁም ያየዋል። የተጣላ ሰው ካለ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚያየው ምሰሶውን ነው። መሣሪያው የሚታይ ስለሆነ ኃላፊነቱም የሚታይ ነበር። ሰውየው ሲሰክር «ጠመንጃውን ውሰዱበት» የሚል ጎረቤት ነበረው።

ሽጉጥ ስሙ ራሱ ከመሸጎጥ ነው። ሽማግሌው አያየውም፣ ሚስት ላታውቀው ትችላለች፣ የሚሰድብህ ሰው ምን ላይ እንደሚሳደብ አያውቅም። ስለዚህ «የአባቶቻችን ነው» አትበሉኝ። የአባቶቻችን ጠመንጃ መከባበርን የሚያስገድድ ግልጽ ነገር ነበር። ጋቢ ሥር ያለው ሽጉጥ የዚያ ባህል ልጅ አይደለም፤ ምናልባት ባህሉ ሲደክም የመጣ እንግዳ ነው።

«ዘጠኝ ነው»

እሺ፣ ወደ ጥያቄው። የትኛው ጥይት ይሻላል?

መልሱ የሚጀምረው «ለየትኛው ሽጉጥ?» ከሚለው ነው፤ ሊቆቻችን ገና እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «ዘጠኝ ነው» ይላል ባለ ሽጉጡ። ዘጠኝ ሚሊ ማለቱ ነው። ግን ዘጠኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሉገር በ1902 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘጠኝ ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለማካሮቭ የሠሩት ዘጠኝ ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳሱ ግን ከሉገሩ በጥቂቱ ይወፍራል። ልዩነቱን መዳፍህ ላይ አድርገህ ብታየው ላይታይህ ይችላል። ሽጉጡ ግን ያውቀዋል። ወይ አይጎርስም፣ ወይ ጎርሶ ይነክሳል፣ ወይ ከዚያ የባሰ ያመጣል። ስታርማ የአንድ ሽጉጥ ስም እንኳ አይደለም። የስፔን ፋብሪካ ስም ነው፤ ፋብሪካው በተለያየ ልክ ብዙ ዓይነት ሽጉጥ አውጥቷል። «የስታር ጥይት አለህ?» ማለት «የቶዮታ ጎማ አለህ?» እንደ ማለት ነው። የየትኛው ቶዮታ?

ቱርክ የሚባለው ደግሞ የባሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከቱርክ ተነሥቶ በጂቡቲ በኩል ሊገባ የነበረ 18 ሺህ ገደማ ሽጉጥ መያዙን የመንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲናገር ብዙዎቻችን ሰምተናል። በዚህ ስም ከሚዞሩት ውስጥ መጀመሪያውኑ ለድምፅ ብቻ የተሠሩ፣ ኋላ ሰው የነካካቸው አሉ። ብረታቸው የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል አልተሠራም። እንዲህ ያለውን ይዞ የሚዞር ሰው ጠላቱን ሳይሆን የገዛ መዳፉን ነው ያነጣጠረው። አንድ ጊዜ ተኩሶ ደኅና ከሆነ «ይሠራል» ይላል። ሁለተኛው ላይ ጣቶቹን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል።

ጥይቱስ ከየት መጣ? በፓኮ ታሽጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት የሚሸጥ ነገር አይደለም። በፍሬ ነው የሚገዛው፤ ሦስት ከአንዱ፣ አምስት ከሌላው፣ በጨርቅ ተቋጥሮ። ግማሹ ጎተራ ሥር ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ሻጩም አያውቅም። በቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸው ፊደልና ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመት ይናገራል። ስንቱ ገዢ ያነበዋል? በሬ ሲገዛ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ አስኪዶ የሚያይ ገበሬ፣ ነፍሴን ይጠብቅልኛል ያለውን ጥይት «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ይገዛል።

በጋቢ፣ በጭቃና በቆርቆሮ

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዘው ልንገራችሁ፤ ለማነጻጸር ያህል እንጂ ልናደንቃቸው አይደለም። አሜሪካ በጠመንጃ የምታልቅ አገር ናት፤ እሷን አርአያ አድርጎ የሚያመጣ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ሚያዝያ 11 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ የሆነው ኤፍ ቢ አይ ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሶ ሁለት ባልደረቦቹ ተገደሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና መጀመሪያ ላይ በሽጉጥ ተመትቶ ነበር። ጥይቷ ግን ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች፤ ሰውየውም መታኮሱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጥይትን በወሬ መምረጥ ተወና ፈተና አወጣ። የሰውን ሥጋ እንዲመስል በተሠራ፣ ከመቶ አሥር እጁ ጄላቲን በሆነ ረግረግ ላይ ይተኮሳል። ጥይቷ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መግባት አለባት፤ ከ45 ብታልፍ ደግሞ አይፈለግም፣ ምክንያቱም ከኋላ ያለውን ሰው ታገኛለች። እንደገና በወፍራም ልብስ፣ በጣውላ፣ በቤት ግድግዳ፣ በብረት፣ በመኪና መስታወት ውስጥ አልፋ ትሞከራለች። ሽጉጥ ለሚይዝ ግለሰብም እዚያ ያሉ አሠልጣኞች «ልትይዘው ካሰብከው ጥይት 200 ያህል ሳይከሽፍብህ ተኩሰህ እይ» ይሉታል።

ሁለት መቶ! እኛ ዘንድ ሁለት መቶ ጥይት የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው። ካዝናው ውስጥ ካሉት ስምንት ፍሬዎች አንዷን እንኳ «ለሙከራ» የተኮሰ ሰው ቢኖር ወይ ዛፍ ላይ ነው፣ ወይ ሠርግ ላይ።

ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ጫፉ ጎድጓዳ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲከፈትና እዚያው እንዲቀር የተሠራ ነው። ጫፉ ድፍን የሆነው የወታደር ጥይት ግን እንዲያልፍ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ዓይነት በጦርነት ላይ እንዳይውል በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ ተከልክሏል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን መርዝ ጋዟን እያዘነበችብን ሳለ ጄኔቫ ላይ «ሐበሻ የተከለከለ ጥይት ተጠቅሟል» ብላ ስትከስስ የነበረው በዚህ ነው። ስለዚህ ጥይት መምረጥ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ለማንኛውም፣ በእኛ ገበያ የሚዞረው ድፍኑ ነው። የሚያልፈው።

አሁን የእኛን ፈተና እናውጣ። ግድግዳችን እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጣሪያችንና አጥራችን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮን የሽጉጥ ጥይት እንደ ወረቀት ይበሳዋል። በራችን ጣውላ ነው። ግድግዳው ሥር መደብ አለ፣ መደቡ ላይ ልጅ ይተኛል። የማካሮቭ ድፍን ጥይት የደረቀ ጭቃ ያቆማታል? ስንጥቁ ላይስ ብታገኝ? በጋቢና በካቦርት አልፋ የት ትደርሳለች? ይህን የሞከረ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። «ይጥላል፣ አይጥልም» እያሉ ሌሊቱን የሚከራከሩትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የሚያውቁት የሚመቱትን ሰው ብቻ ነው። ከሰውየው ጀርባ ስላለው ቤት አስቦ የሚያውቅ የለም።

የስምንት ጥይት ሒሳብ

እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚመጣው።

ራንድ የተባለ የጥናት ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ኒው ዮርክ ፖሊስ ባወጣው ጥናት፣ ፖሊሶቹ ከሚተኩስባቸው ሰው ጋር ሲታኮሱ ከተኮሱት ጥይት ዒላማውን ያገኘው ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ነበር። ሰውየው መልሶ በማይተኩስበት ጊዜ እንኳ 30 ያህል። እነዚህ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠለጥኑ፣ ጥይታቸው የተፈተነ፣ ሽጉጣቸው የተወለወለ ሰዎች ናቸው።

የማካሮቭ ካዝና ስምንት ጥይት ይይዛል። አንተ እንደ ኒው ዮርክ ፖሊስ ጎበዝ ነህ እንበል፤ ከስምንቱ አንዷ ወይም ሁለቷ ያገኙታል። ስድስቱስ?

ስድስቱ የሆነ ቦታ ያርፋሉ። ጥይት አየር ላይ አይቀልጥም። ቡሬ አውቶቡስ ተራ ከሆነ ትኬት የምትቆርጠዋ ልጅ ላይ። ገበያ ከሆነ በርበሬ የምትሰፍረዋ እናት ላይ። ሰፈር ከሆነ ቆርቆሮውን አልፎ መደቡ ላይ። ጠላ ቤት ከሆነ ለማገላገል ብሎ መሀል የገባው ሰው ላይ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሁልጊዜ ለማገላገል የሚገባ ሰው አለ፣ ደግነታችን ነው። አልጋ ላይ ከማያቸው ሰዎች መሀል ስንቱ «እኔ እኮ አልተጣላሁም» እንደሚለኝ ብትሰሙ! አልዋሸም። ስድስቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

ያገኘችው አንዷስ ወዲያው ትጥላለች? ይቺ የፊልም ውሸት ናት። ኤፍ ቢ አይ ራሱ በ1989 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ልቡ የፈረሰ ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ድረስ አስቦ ሊንቀሳቀስ ይችላል። አሥራ አምስት ሰከንድ ክላሽ ለያዘ ሰው ብዙ ነው። የሽጉጥ ጥይት ሰውን ወደ ኋላ አያስፈነጥርም። የነካውን ይበሳል፣ በቃ። ወሳኙ የት እንደነካ ነው እንጂ «ማካሮቭ» ወይም «ስታር» መባሉ አይደለም።

ሌላም የማይወራ ቁስል አለ፤ ሰው ስለሚያፍርበት። ማኅደር የሌለው ሽጉጥ ሱሪ ውስጥ ተሽጦ፣ ከባጃጅ ሲወርድ፣ ወይም ሽንት ቤት ቁጢጥ ሲል የሚተኮሰው። ጭን፣ ጉልበት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚብስ ቦታ። አንዳንዱ የሶቪየት ሽጉጥ፣ ለምሳሌ ቶካሬቭ፣ ሲሠራ ጀምሮ መቆለፊያ የሚባል ማንሻ የለውም። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ ይሽጠዋል። ሐኪም ሲጠይቀው «ሰው ነው የመታኝ» ይላል። እኛ ከላይ ወደ ታች የሄደውን ቀዳዳ እናያለን፣ ዝም እንላለን።

የሠርግ ሙከራ

ጥይታችን በብዛት የሚፈተንበት አንድ ቦታ አለ ካልን ሠርግ ነው። ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ከጅጋ እስከ ሽንዲ ያለው ገጠር ይንጣጣል። ሙሽራው ሲወጣ፣ ሙሽሪት ስትገባ፣ መልስ ሲጠራ። ያልተኮሰ አጎት የወንድሙን ልጅ እንዳልወደደ ይቆጠራል። ለቅሶ ላይም እንዲሁ ነው፤ ለሞተው ክብር።

ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ግን ተመልሶ ይመጣል። ቀጥ ብሎ የወጣ የጠመንጃ ጥይት ሲወድቅ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቆዳ ለመብሳት ከዚያ ያነሰ ይበቃል። አጎትዬው ደግሞ ጠጅ ቀምሷል፣ ቀጥ አድርጎ አይተኩስም። አጋድሎ የተተኮሰው ፍጥነቱን ይዞ ነው ጎረቤት ቀበሌ የሚደርሰው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ለአዲስ ዓመት በተተኮሰ ጥይት 19 ሰው ተመትቶ አንድ ሰው መሞቱን የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት መዝግበዋል። አንድ ደሴት፣ ለጥቂት ቀናት። የእኛን ጥር የመዘገበው ማን ነው?

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ሠርግ ቤት ዳሱ ጓሮ ወጥ እያማሰሉ ሳለ ትከሻቸው «ሞቀኝ» አሉ። ሌላ ቀበሌ ያለ ሠርግ ነው። ተኳሹ እስከ ዛሬ ማንን እንደመታ አያውቅም፤ ምናልባት ይህን እያነበበ ይሆናል። ቁስላቸውን ሳጥብላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እታለም፣ እንጀራ መጋገር እችላለሁ?» ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አይነሳም። እኚህ ሴት ጠላት የላቸውም፣ ድንበር አልገፉም፣ ማንንም አልሰደቡም። የሰው ደስታ ነው የመታቸው።

ከጥይቱ በኋላ

ያች ጥይት «በትክክል» የሚገባውን ሰው መታች እንበል። ከዚያስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ወዲያው የሚደርስ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን። ቀጣዩ አንቀጽ ከልክ ስላለፈ ሰው ይናገራል። በዱላ ለመጣብህ ስምንት ጥይት ከተኮስክ ሕጉ የሚያየው ዱላውን ነው። ያለ ፈቃድ የያዝከው ከሆነ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሌላ ክስ ይጠብቅሃል።

ፍርድ ቤቱ ቢለቅህስ? ደሙ አይለቅህም። ይህን ለጎጃም ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንተ ወደ በረሃ፣ ወንድምህ ወደ ወለጋ ወይ ወደ መተማ፣ እናትህ ገበያ መውጣት ትታ፣ እርሻህ ዳዋ ለብሶ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካህን መስቀል ይዞ፣ ካሳ ተቆጥሮ ደም እስኪደርቅ ድረስ ስንት ዓመት? «ራሴን ልጠብቅ» ብለህ የገዛኸው ነገር ሰባት ቤት ዘመድህን ጠባቂ አልባ አደረገ። የጥይት ዋጋ ሲጠየቅ ይህም ይደመር።

የምጠይቀው

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እጃችንን አጣጥፈን እንታገት?» አይደለም። በመንገድ ላይ ከሚያስጥሉት ነገሮች ብዙዎቹ ሽጉጥ አይደሉም፦ ብር በእጅ አለመያዝ፣ በቡድን መጓዝ፣ መንገዱን ቀድሞ መጠየቅ፣ የሸጥከውን ሁሉም እንዲያውቅ አለማድረግ። እነዚህም ዋስትና አይሰጡም። ግን ሲከሽፉ ስድስት ሰው አይመቱም።

ከሽጉጥ ጋር አልለያይም ያለ ሰው ካለ፣ ቢያንስ እንደ በሬ ገዢ ያስብ። ፈቃድ ያውጣለት። የሽጉጡን ሙሉ ስምና የጥይቱን ልክ ይወቅ። የዛገውን፣ ቅልቅሉን፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን አይጉረስበት። ልጅ በማይደርስበት ቤት ውስጥ ቆልፎ ያኑረው። ጠላ ቤት፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ገበያ ይዞ አይሂድ። ይህን ሁሉ ካደረገ ወገቡ ላይ ምንም እንደማይቀር አውቃለሁ። ዓላማዬም ያ ነው።

ሠርግ ደጋሾችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሽማግሌ ጥሎሽ ሲያስማማ አንድ ቃል ይጨምር፦ «ተኩስ የለም»። የሙሽሪት አባት «ልጄን በጥይት ድምፅ አልድርም» ካሉ የሚተኩስ አጎት አይኖርም፤ እኛ ዘንድ የአማችን ቃል የሚደፍር የለም። ካህናቱም ጋብቻ ሲባርኩ ይናገሩት። ለዚህ መንግሥትም ፖሊስም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኃይሉ እጃችን ላይ ነው ያለው።

እና ለአንተ፣ ወንድምዓለም፣ ሽጉጥህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ በሽለላ ሙዚቃ ቪዲዮ ለምትለቀው። ቀጥሎ ስትቀርጽ መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፤ ሽጉጡ ውስጥ የጎረሰ እንደሌለ ሁለቴ እይ። ስምንቱን ጥይት ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው። ሁለቱን ወደ አንድ ጎን አድርግ፤ እነሱ ያገኙታል ያልከው ሰው ናቸው። የቀሩትን ስድስቱን እያየህ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ የጎረቤቶችህን ስም ጥራ።